ሦስቱ መስሚያዎችና የኡኬ መስመር

የነቀምቴን የስልክ ማዞሪያ ከግድግዳው ነቅለው ሲያወጡት ቆሜ አየሁ። አራት ወንዶች ተሸክመውት በበሩ አልወጣ ብሏቸው ሲያጋድሙት፣ ያን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጀርባውን አንድም ቀን አለማየቴ ገረመኝ። ጀርባው ሽቦ ብቻ ነው፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አሁን ደዋይ ሁሉ ቁጥሩን በገዛ ጣቱ ያዞራል። "ኡኬን አገናኚኝ" የሚለኝ የለም። አዲስ የተቀጠሩት ወጣቶች "እትዬ ዘውዴ፣ የእርስዎ ሥራ ምን ነበር? ይጻፉልን" ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስህተት ብታገኙ እለፉት። እጄም ይፈራል። ነገሩ አልፏል ቢሉኝም ይፈራል።

መሥሪያ ቤቱ የገባሁት በጽዳት ነው። ባለቤቴ ሞቶ አንዲት ልጄን አስናቀችን ይዤ ጨለለቂ ሰፈር በኪራይ ቤት እኖር ነበር። ወለል እወለውላለሁ፣ ጆሮዬ ግን ማዞሪያው ላይ ነው። ማን ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ሳላስበው ተጠራቅሞልኛል። አንዷ ኦፕሬተር ወልዳ ስትቀር የሚተካት ጠፋ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምሰማ መሆኔን አይቶ "እስቲ ለዛሬ ተቀመጪ" አለኝና በዚያው ቀረሁ። አንድ ክረምት ጊምቢ ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ ጣራው ስለሚያፈስ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዤ በሌላው ገመድ እሰካ ነበር። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ወንበር ነበረው።

ማዞሪያ ላላየ ሰው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንዲት ቀዳዳና አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን አለው። ኡኬ ከተማ ላይ ሰው የስልኩን እጀታ ሲያዞር የኡኬ ክዳን ትወድቃለች። ገመዴን ሰክቼ "ነቀምቴ፣ ማንን ልስጥዎ?" እላለሁ፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚፈልጉት ሰው ቀዳዳ ላይ እሰካለሁ። ጨርሰው እጀታ ሲያዞሩ ክዳኗ ዳግመኛ ትወድቃለች፣ እነቅላለሁ። ይህን ማንም በሁለት ቀን ይለምደዋል። ዓመት የሚፈጀው ሰው ሲያወራ አለመስማት ነው።

አለመስማትን ያስተማሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦፕሬተር አልነበሩም፤ ቀኑን ሙሉ የስልክ እንጨት ላይ የሚውሉ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። ረጅም፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው የሚንቋቋ፣ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀየጠ ሰው። የጠገኑትን እንጨት ቁጥር ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ለምን በወረቀት እንደማይጽፉ ስጠይቃቸው ወረቀታቸውን ነፋስ ሁለቴ እንደወሰደባቸው፣ ክንዳቸውን ግን እስካሁን እንዳልወሰደው ነገሩኝ። ሽቦ የሚያስነክሱባቸውን መቆንጠጫዎች በየሳምንቱ በሎሚ ይፈትጋሉ። ከእንጨት ሳይወርዱ ውኃ አይቀምሱም። ሰው በሚያወራበት መስመር ላይ መሥራት ካለባቸው ደግሞ ምንም ከመንካታቸው በፊት በትከሻቸው የሚያንጠለጥሉትን የመስመር ስልክ እጀታ ግማሽ ዙር ያዞራሉ። ጭር ትላለች፣ አጭር ድምፅ። በወለጋ ከተሞች ስልክ ያለው ሰው ያቺን ድምፅ ያውቃታል፤ ሠራተኛ መጣ ብሎ ወሬውን ይሰበስባል።

"አዴ ዘውዴ፣" አሉኝ አንድ ቀን፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ ብለው ሲያከብሩኝ ነው፣ "ሁለት ሰው ሲያወራ ቤቱ ገብቶ በሩን እንደዘጋ ቁጠሪው። እኔ ሳላንኳኳ አልገባም። አንቺም አትግቢ።"

ነገሩ የተጀመረው ከላይ በመጣ ደብዳቤ ነው። የመንግሥት ወሬ በስልክ እየሾለከ ነው ተብሎ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን መስመር እንዲፈትሽ ታዘዘ። ሰው ተደብቆ መግባት ይችላል ወይ? ቢገባስ ይታወቃል ወይ? ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ እኔንና ኦቦ ገመቹን አስጠርቶ አነበበልን። ኦቦ ገመቹ አገጫቸውን እያሹ "እንግዲህ ሌባ ሆነን እንሞክራታ" አሉ። ጓድ ታደሰ አልሳቀም። እኔ ፈራሁ፤ ግን ደስም አለኝ። ሰው ቢገባ ምን ይሰማ ይሆን የሚለውን ነገር ወለል ከምወለውልበት ጊዜ ጀምሮ በሆዴ ይዤው ነበር።

ኦቦ ገመቹ ሦስት መስሚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የመጀመሪያው በቆዳ ማኅደር ያለው የመስመር ስልካቸው ነው፤ እጀታ አለው፣ መናገሪያም መስሚያም አለው፣ ትከሻ ያጎብጣል። ሁለተኛው ማኅደር የሌለው፣ እጀታ የሌለው፣ ጅራቱ ላይ ሁለት መቆንጠጫ ያለው የእጅ መነጋገሪያ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛውን ራሳቸው ነው የሠሩት። ከተሰበረ ስልክ የጆሮውን ክፍል ብቻ ወስደው፣ ከመኪና የወለቀች ኮንደንሰር የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስረውባት፣ ሁለቱንም የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተዋቸዋል። በዚህች መስማት እንጂ መናገር አይቻልም። እጄ ላይ አድርጌ ባገላብጣት ከሎሚ አትከብድም።

"ሌባ ብሆን ይቺን ነው የምይዘው" አሉኝ።

"ለምን?"

"ከመስመሩ ኤሌክትሪክ ምንም አትጠጣም። ሁለቱ ይጠጣሉ።"

የተመረጠው የኡኬ መስመር ነው፤ ወደ አንገር ጉቲን ቆላ የሚወርደው ስልክ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። በመስመሩ ላይ ወሬ እንዲኖር በዚህ ጫፍ ጓድ ታደሰ ቢሮው ውስጥ ተቀመጠ፣ በዚያ ጫፍ የኡኬን ስልክ በሱቁ የሚጠብቀው ጉራጌው ነጋዴ አቶ ሸምሱ ቆመ። ምን ላውራ ቢል ያሻህን አልነው። መደርደሪያውን ከዳር ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። የልብስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ጨው ድቡልቡሉና የተፈጨው። ጓድ ታደሰ በየመሃሉ "እሺ" ይላል። ሸምሱ አንዴ ቆም ብሎ "ጓድ፣ ይህን ያህል እሺ ካሉኝ አንዱን እንኳ ይግዙኝ እንጂ" አለው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ኦቦ ገመቹ ከከተማ ወጥተው አንድ እንጨት ላይ ይወጣሉ። ባሻቸው ሰዓት፣ ባሻቸው መስሚያ ይገባሉ፣ ሰዓቱን ክንዳቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰው የገባ ሲመስለኝ ሰዓቱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። በኋላ ክንድና ደብተር ይተያያሉ።

የመጀመሪያው ሲገባ የሸምሱ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። ያ ደንቆሮንም አያልፈውም። ሁለተኛው ሲነካ ጠቅ አለ፣ ድምፁም ትንሽ ሳሳ። ሦስተኛዋ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ድምፅ የላትም። ግን እንደገባች አወቅሁ፣ ሰዓቱንም ጻፍኩ። ማታ ኦቦ ገመቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ስናስተያይ አንድም አልሳትኩም። ጓድ ታደሰ ጆሮሽ የድመት ነው አለኝ። ኦቦ ገመቹ ግን የሳሙና ማስቀመጫዋን እያገላበጡ "እንዴት ሰማሻት?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። እንጃ፣ ይነግረኛል አልኳቸው። ኮራሁ። ማንም ሰው በማናቸውም መሣሪያ ቢገባ ኦፕሬተሯ ታውቃለች የሚል ሪፖርት ተጻፈ። ፈረምኩ፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያኖርኳት የመጀመሪያ ፊርማዬ ናት።

ወር አልሞላም። አስናቀች በጤና ረዳትነት ተመርቃ ከኡኬ በታች ቆላ ያለ አንድ የሰፈራ መንደር ተመድባ ነበር። የመንደሩን ስም አልጽፍም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለች፤ ድምፅዋ ደክሟል።

"እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ። ተናገሪ፣ ሰው ቢገባ አውቀው ነበር።"

እኔው ነኝ ተናገሪ ያልኳት። የወባ ክኒን አልቋል እያሉ በሽተኛ ባዶ እጁን እንደሚመልሱባት፣ ያው ክኒን ግን ከነማሸጊያው ገበያ ላይ ሲሸጥ በዓይኗ እንዳየች፣ የሚያወጣውም መጋዘን ጠባቂው እንደሆነ ነገረችኝ። ሰው እየሞተ ነው አለችኝ። እግሯን እንደሚያማትም ነገረችኝ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወረቀት አመጣልኝ። "እማዬ፣ በስልክ የነገርኩሽን ጽፈው አነበቡልኝ፤ እግሬን እንዳመመኝ እንኳ አልቀረም። መጋዘን ጠባቂው ሰፋሪውን ታሳምፃለች ብሎ ከሶኛል። ሐሙስ የመንደሩ ኮሚቴ ይሰማኛል። ወደ ነቀምቴ ይልኩሻል እያሉኝ ነው" ይላል። በዚያ ዘመን ወደ ነቀምቴ መላክ ወደ እስር ቤት እንጂ ወደ እናት ቤት መላክ እንዳልነበር የዘመኑ ሰው ያውቃል። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ተቀምጬ አሰብኩ። ወሬው ሲወራ ማዞሪያው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። መስሚያ ያለው ማነው? በኋላ ያፈርኩበትን ነገር የዚያን ዕለት አደረግሁ። ኦቦ ገመቹን ጓሮ ጠርቼ ልጄን የሸጡት እርስዎ ነዎት ወይ አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ቀበቷቸውን ፈትተው መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እግሬ ሥር አስቀመጡ።

"ልክ ነሽ፣ ከእኔ ነው መጀመር ያለብሽ" አሉ። "በዚህ አገር መስሚያ ይዞ የሚዞር ሰው እኔ ነኝ። ግን ብገባ ትሰሚኝ አልነበር?"

እውነታቸውን ነው። ማንም ቢገባ እሰማ ነበር፤ ተፈትኜ የለም እንዴ? እሳቸውም ይኸው ገርሟቸዋል። እንደገና እንሞክር ተባባልን። ሸምሱ መደርደሪያውን እንዲያነብልን ለመንነው፣ በዚህ ጫፍ ጸሐፊዋ ሰማችለት፣ ኦቦ ገመቹ ወጡ። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። እያለቀስኩም ጆሮዬን አልሰጠሁም አልልም፤ የመጀመሪያውን ሰማሁ፣ ሁለተኛውን ሰማሁ፣ ጻፍኩ።

ኦቦ ገመቹ ተመልሰው ክንዳቸውን አሳዩኝ። በሳሙና ማስቀመጫዋ አራት ጊዜ ገብተዋል። በእኔ ደብተር አንዱም የለም።

ክንዱንና ደብተሩን ዳግመኛ አስተያየን። ዝናብ ይሆን? ያን ጊዜም ዛሬም ደረቅ ነው። እንጨቱም ያው ነው። ለቅሶው ጆሮዬን ደፍኖት ከሆነ ሁለቱን እንዴት ሰማሁ? ማክሰኞ ጠዋት ዓይኔን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አውርጄ ዳግመኛ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ያዝኩ፣ ሦስተኛዋንም። በዚህ ጊዜ ግን ራሴን ተከታተልኩት። ሦስተኛዋ ልትገባ ስትል እርሳሴን የሚያነሳው እጄ ጆሮዬን አይጠብቅም። ዓይኔ ወደ ክዳኗ ይሄዳል። ክዳኗ አትወድቅም፤ እንደ ዓይን ሽፋል ርግብ ትላለች። እኔ ደግሞ ሳላውቀው አያታለሁ። ነጠላዬ የከለለብኝ እሷን ነው።

የሸምሱን ወሬ አቋርጬ ኦቦ ገመቹን በመስመር ስልካቸው አናገርኳቸው።

"ኦቦ፣ በሦስተኛዋ ከመግባትዎ በፊት የመስመር ስልክዎን እጀታ ያዞራሉ?"

"አላዞርም። ሌባ አይደለሁ እንዴ ዛሬ?"

"እስቲ እጅዎን እያዩ ይግቡ።"

ነፋሱ ሽቦው ላይ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ከዚያ ክዳኗ ርግብ አለች።

"ያ ዋቃ" አሉ ቀስ ብለው፣ አምላክን ሲጠሩ ነው። "ግማሽ ዙር። እጄ ራሱ ነው ቀስ ብሎ፣ ጭር ሳትል ያዞራት።"

ለካ ያን ሁሉ የተፈተንነው እያንኳኳ በሚገባ ሌባ ነው። ስንት ዓመት ያንኳኳ እጅ ስረቅ ሲሉት እንቢ ብሏል። እኔም ያንን ጆሮዬ ነው ብዬ ፈረምኩበት፣ ልጄንም ተናገሪ አልኳት። የቆላው ሰው አላንኳኳም።

ጓድ ታደሰ ቢሮ ስንገባ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ስህተት ነው፣ በሦስተኛዋ የገባ ሰው አይታወቅም፣ መስመራችን ክፍት ነው አልኩት። መጀመሪያ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወረቀቱ አዲስ አበባ ገብቷል አለኝ።

"ልጄም ልትገባ ነው" አልኩት።

"ጓድ ዘውዴ፣ ገብቶሻል የምትይው? መስመሩ ክፍት ነው ካልሽ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መስመሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንቺ ነሽ። ቀጥሎ እሳቸው። ከዚያ እኔ።"

"እንደምጠየቅ አውቃለሁ።"

"አትፈሪም?"

"ከመጣሁ ጀምሮ እየፈራሁ ነው፤ አያዩኝም?"

ኦቦ ገመቹ በመሃል ገብተው የእሳቸው እጅ ጥፋት መሆኑን ተናገሩ። ጓድ ታደሰ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ሳይፈቀድለት በመንግሥት መስመር ገብቶ የሰማ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከአንዲት ጤና ረዳት ወሬ የባሰ ጥፋት አለበት። ያን ሰው እሱ ካገኘው ሪፖርቱ ሊታረም ይችላል። ይህን ለእኔ ብሎ አልነበረም፤ ለራሱ ብሎ ነው። አልተከራከርኩም። ማረሚያውን በእጄ ጻፍኩ፦ ሦስተኛዋን አልሰማሁም፣ የሰማሁ የመሰለኝ ክዳኗን አይቼ ነው። ፈረምኩ። የመስመር ፍተሻ የሚል ወረቀትና ላንድሮቨር ሰጠን።

ረቡዕ ኡኬን አልፈን ወረድን። ድምፅ የሌላትን መስሚያ እንዴት እናገኛታለን ብዬ በመንገድ ጠየቅኋቸው። በጆሮ አይደለም፣ በዓይን ነው አሉኝ። የቆየ የስልክ ሽቦ ይጠቁራል፣ አረንጓዴም ይላል፤ መቆንጠጫ የነከሰው ቦታ ግን ቆዳው ተልጦ ያብረቀርቃል። ላንድሮቨሩ በሰው እርምጃ እየሄደ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው አንገታችንን አቅንተን እንጨት በእንጨት አየን። አንገቴ ሊቆረጥ ደረሰ። መንደሩ ውስጥ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው እንጨት ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ስለነበር፣ ሽቦው ላይ ሁለት ነጥብ እንደ ወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ።

ኦቦ ገመቹ ወዲያው አልወጡም። የኮሚቴው ሊቀመንበር እንዲጠራ አስደረጉ፤ ሰው ሳያይ ብነካው እኔ የሰቀልኩት ይባላል አሉ። ሊቀመንበሩ፣ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ሰፋሪ፣ ከሁለት ሚሊሺያ ጋር መጡ። ኦቦ ገመቹ ወጡ። ከመስመሩ የተነሳች ቀጭን የሽቦ ክር፣ ጭቃ የተቀባች፣ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ወርዳ በሣር አጥሩ ስታልፍ በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩ። ክሯ በመጋዘኑ መስኮት ገባች። ውስጥ፣ ከወንበሩ በላይ፣ የክብሪት ፓኬት ውስጥ የጆሮ መስሚያና ኮንደንሰር። የእኛዋ እህት ናት።

መጋዘን ጠባቂው አልደነገጠም። አብዮቱን ለመጠበቅ ነው አለ። ሊቀመንበሩ ማን እንደፈቀደለት ጠየቁት። ሁለተኛም ጠየቁት። ከዚያ "ወንድሜ፣ ከዚህ መንደር ወደ አውራጃ የደወልኩትንም ሰምተሃላ?" አሉት። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው። መጋዘኑ በሚሊሺያ ፊት እንዲቆጠር አዘዙ። ክኒኑ ከዱቄት ጆንያ በታች ተገኘ።

ልጄን ከጤና ጣቢያው አመጧት። ከስታለች። አቅፌያት፣ ዛሬውኑ በዚህ ላንድሮቨር ትመለሻለሽ፣ ሥራውን ተይው፣ ልብስሽን እንኳ አትያዢ አልኳት። ሊቀመንበሩ ክሱ ለጊዜው ይቆያል አሉ እንጂ ቀርቷል አላሉም፤ እኔ ደግሞ "ለጊዜው" የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ።

"እማዬ፣ ክኒኑ ዛሬ ወጣ" አለችኝ። "ማን ይስጣቸው?"

ጥያት መጣሁ። ሐሙስ እንዳልተጠራች ሾፌሮች ነገሩኝ፤ ከዚያም በኋላ አልተጠራችም። ጠባቂውን የት እንዳደረሱት አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም።

እኔን ግን በሪፖርቱ ጉዳይ ጠሩኝ። ለሦስት ቀን ጠየቁኝ፣ አንድ ነገር ደጋግመው፤ እኔም አንዱን መልስ ደጋግሜ። መጨረሻ ላይ ማዞሪያው ላይ እንዳልቀመጥ ተወሰነ። ወደ መስኮቱ ተዛወርኩ፣ ለመደወል የመጣውን ሰው ስም እየጻፍኩ ወደ መደወያ ሳጥኖቹ መላክ ሆነ ሥራዬ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርኩ። ኦቦ ገመቹ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በማግሥቱ እንጨት ላይ ነበሩ፣ የሰው ወሬ ባለበት መስመር ሁሉ ግማሽ ዙር እያዞሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከማዞሪያው "እትዬ ዘውዴ፣ ሳጥን ሁለት፣ ከቆላ" ብለው ጠሩኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት ስሠራ እንደ ማንኛውም ሰው ሳጥን ውስጥ ገብቼ ስልክ ሳነሳ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩ አይገጥምም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይሰማል። አስናቀች ነበረች። ደህና ነሽ ወይ አላለችኝም፤ ዛሬ ክኒን የሰጠቻቸውን ሰዎች በስም መቁጠር ጀመረች፣ የአባታቸውን ስም ጭምር፣ ቀስ ብላ፣ ደብተር ለሚጽፍ ሰው እንደምታነብ። መስመሩ ላይ ማን እንዳለ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ወረፋው ውስጥ ያሉት ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ሰውነቴ ሁሉ ዝጊው ዝጊው ይለኛል። በመሃል ድምፅዋ፣ ሁለተኛው መስሚያ ሲገባ እንደሳሳው፣ ሳሳ፤ የአንድ ሰው ስም አመለጠኝ።

"አስናቀች" አልኳት፣ "እሱን አልሰማሁትም። ጮክ ብለሽ ድገሚው።"